የወታደር ክስ ሲመጣ፦ የማርቆሱ ጠበቃ ወይስ የአዲስ አበባው?

ደብረ ማርቆስ ላይ የጠበቃ ቢሮ ታፔላ ሞልቷል። «የወታደራዊ ሕግ ጠበቃ» የሚል ግን እስካሁን አላየሁም። ስለዚህ ሰው ጎረቤት የጠቆመውን ይይዛል። የአጎቴ ልጅ ከጦር ክፍሉ ቀርቶ ሲከሰስ እኛም ያንኑ አደረግን። ሰውየው በመሬት ክርክር አንበሳ ነው። ወታደራዊ ፍርድ ቤት ቆሞ እንደማያውቅ የነገረን ግን ቀብድ ከተቀበለ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ጉዳዩ የማን እንደሆነ ለዩ። ወታደሩ ትዳሩን ቢያፈርስ ወይም ደጋ ዳሞት ላይ ውርስ ቢካፈል ክርክሩ የመደበኛው ፍርድ ቤት ነው። ለዚህ የማርቆሱ፣ የሞጣው ወይም የፍኖተ ሰላሙ ጠበቃ ይበቃል። ቀጠሮ በእግሩ ይደርሳል፤ አበል አትከፍሉም።

መኮብለል ወይም ያለ ፈቃድ መቅረት ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። ክሱ የሚታየው በቀዳሚ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ነው፤ ከዚያ ይግባኝ ሰሚው አለ። መነሻው የመከላከያ ሠራዊት አዋጅ ቁጥር 1100/2011 ነው። ቤተሰብ ሁሉንም «ከዳ» ይለዋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ግን መኮብለልን በአንቀጽ 288፣ ያለ ፈቃድ መቅረትን በ289 ለይቶ አስቀምጧል። ዋናው ጥያቄ ልጁ ከአገልግሎት ለማምለጥ አስቦ ነበር ወይ የሚለው ነው። የኛ ልጅ የቀረው እናቱ ታማበት ነው። የሆስፒታሉ ወረቀት ከስንት ንግግር በላይ ዋጋ ነበረው። እና ጠበቃ ስትመርጡ «288 እና 289 በምን ይለያሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። ዙሪያ ጥምጥም ከሄደ ሻዩን ጠጥታችሁ ውጡ።

አዲስ አበባ ያገኘነው ጠበቃ ድሮ የጦር ዓቃቤ ሕግ ነበር። ጥያቄውን ሳልጨርስ መለሰልኝ። ችግሩ ዋጋው ነው፤ ዓባይን ተሻግሮ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ መመላለስም አለ። የፌዴራል ጥብቅና ፈቃዱንም አሳዩኝ በሉ፤ የክልል ፈቃድ ብቻ የያዘ ለዚህ አይሆንም።

መከላከያ የሚመድበው ተከላካይ ጠበቃም አለ፤ ክፍያ የለውም። «ያው ዩኒፎርም የለበሰ ምን ይረባል?» የሚል ብዙ ነው። እኔ አልስማማም። ሥርዓቱን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ቤተሰብ እሱን አግኝቶ ማስረጃ ማቀበሉ ነው የሚከብደው። ገንዘብ ከሌላችሁ ያለማመንታት ተቀበሉት።

የባሕር ዳርና የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። ለጡረታና ለወራሽነት ማመልከቻ ጥሩ ናቸው። ለጦር ፍርድ ቤት ክርክር ግን አትጠብቋቸው። «የማውቀው ኮሎኔል አለ» የሚለውን ደላላ ደግሞ ዝለሉት።

እኛ በመጨረሻ ሥራውን ለሁለቱ ጠበቆች አከፋፈልነው። የሆስፒታሉን ወረቀትና የምስክሮቹን ስም የማርቆሱ ጠበቃ አዘጋጀ፤ ችሎት የቆመው የአዲስ አበባው ነው። አንድ ነገር ብቻ ስተን ነበር፦ ውክልናውን አጎቴ ፈርሞ መጣ። ተከሳሹ ልጁ ነውና ፊርማው የሱ መሆን ነበረበት። በዚያ ሰበብ አንድ ቀጠሮ አመለጠን።