ቀዳዳ ሳትቆጥሩ ብር አትቁጠሩ

ልጄ ስምንተኛ ክፍል ናት። ከመርካቶ ያመጣሁትን ዕቃ ከሳጥኑ አውጥታ ገለበጠችው። ሳጥኑን አየች፤ እንደገና ዕቃውን አየች። «አባዬ፣ ሰባቱ የት ነው የሚሰኩት?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤት ያለችን ኮምፒውተር ያገለገለች ዴል ዴስክቶፕ ናት። ዕድሜዋ ከአሥር ዓመት አልፏል፤ ግን ፊልም ታሳያለች፣ የቤት ሥራ ይሠራባታል፣ እሁድ ጠዋት ደግሞ ዘፈን እንከፍትባታለን። ችግሯ ድምፅ ነው። ከፊት ለፊቷ ጆሮ ማዳመጫ ስንሰካ ከዘፈኑ ሥር እንደ ንብ «እዝዝዝ» የሚል ነገር ይሰማል። ማውሱን ስታንቀሳቅሱት እዝዝታው ቃናውን ይቀይራል። 5,000 ብር ይዤ ላሻሽላት ወጣሁ።

ሱቁን አልጠቅስም። ልጁ ትሁት ነው። «ጋሼ፣ የእርስዎ መፍትሔ ይቺ ናት» ብሎ አውራ ጣት የምታክል፣ ፍላሽ የመሰለች ነገር አወጣ። የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ናት፤ ለኮምፒውተር ድምፅ የምታወጣለት ዕቃ። ሳጥኗ ላይ በትልቁ «7.1 ቻናል» ይላል። «ሲኒማ ቤት ያለው ድምፅ ማለት ነው። ኦሪጂናል የዱባይ ዕቃ።» 1,500 ብር። ከእሷ ጋር ይሄዳል ብሎ ደግሞ ጥንድ ስፒከር ጨመረልኝ። «1200 ዋት» ተጽፎበታል። 3,000 ብሎ ጀምሮ በ2,800 ተስማማን። የ200 ብር ድሌን ይዤ እንደ ጀግና ወጣሁ።

አሁን ወደ ቀዳዳው። 7.1 ማለት ሰባት ስፒከርና አንድ ዎፈር፣ የቤዝ ስፒከር ማለት፣ ነው። ባንድ ላይ ስምንት ቻናል፣ ስምንት የተለያየ የድምፅ መስመር፣ ይሆናል። የምናውቃት ቀጭኗ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ፣ ባለ 3.5 ሚሊ ሜትሯ፣ የምታወጣው ሁለት ቻናል ብቻ ነው፦ ግራና ቀኝ። ስለዚህ እውነተኛ 7.1 በዚህ ዓይነት ቀዳዳ እንዲወጣ አራት የድምፅ መውጫ ያስፈልጋል፤ የማይኩ ሳይቆጠር። የእኔዋ ያላት ሁለት ቀዳዳ ነው። አንዱ የማይክ ነው። የቀረው አንድ ቀዳዳ ሁለት ቻናል ይሰጣል፣ በቃ። (በኤችዲኤምአይ ወይም በኦፕቲካል ገመድ የሚያወጡ ዕቃዎች ሌላ ጉዳይ ናቸው።) ይህን ሂሳብ ልጄ እግሯን ሳትዘረጋ ሠራችው። እኔ ሱቅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ቆሜ አልታየኝም።

እንዲህ ዓይነቶቹ ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለው ሲ-ሚዲያ የሚባለው ኩባንያ ሲኤም108 ወይም ዘመዱ የሆነ ቺፕ ነው። ቺፑ አልዋሸም። የቺፑ መግለጫ ስቴሪዮ፣ ማለትም ሁለት ቻናል፣ ነው የሚለው። የዋሸው ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው። አንዳንዱ ሳጥን በደቃቁ «ቨርቹዋል» የምትል ቃል ጣል ያደርጋል። ሶፍትዌር ሁለቱን ቻናል እያጫወተ ድምፁ ከኋላችሁ የመጣ ያስመስላል ማለት ነው። ያ ሶፍትዌር ደግሞ ያለው አብሮ በሚመጣው ትንሽ ሲዲ ላይ ነው። የእኔ ኮምፒውተር ሲዲ ማንበብ ካቆመች ሦስት ዓመቷ።

ላለመዋሸት፣ ዕቃዋ ከንቱ አይደለችም። የኮምፒውተራችሁ የራሱ ድምፅ ጭራሽ ከሞተ ይቺ ታናግረዋለች። ድምፁን የምትሠራው ከኬዙ፣ ከኮምፒውተሩ ሳጥን፣ ውጭ ሆና ስለሆነ እዝዝታውም ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ግን እሷኑ የመሰለችውን በሳምንቱ መገናኛ 400 ብር አየኋት። 1,100 ብር የከፈልኩት ለቁጥሩ ነው።

ስፒከሩ ደግሞ ባሰ። ድምፁ ከግማሽ ሲያልፍ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በረዶ የሚወርድ ይመስላል። መብራቱን የሚወስደው ከኮምፒውተሯ ዩኤስቢ ነው። የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ በደንቡ የሚሰጠው 5 ቮልት፣ 500 ሚሊ አምፔር ነው። ሲባዛ 2.5 ዋት። 2.5 ዋት በልቶ 1200 ዋት የሚያወጣ ዕቃ ካለማ ግድብ ለመገንባት ምን አደከመን?

ዘዴው ከቁጥሩ ጎን በደቃቁ የተጻፈችው «ፒኤምፒኦ» ናት። ለአንዲት ቅጽበት የሚደረስበትን የመጨረሻ ጫፍ ነው የምለካው ትላለች። ሁሉም የተስማማበት መለኪያ የላትም። ስለዚህ ያሻውን የሚጽፍ ይጽፋል። እናንተ የምትፈልጉት «አርኤምኤስ» የሚለውን፣ በተከታታይ የሚያወጣውን ኃይል የሚናገረውን ነው። ካልተጻፈ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰካ ስፒከር ከሆነ፣ አዳፕተሩን ገልብጡና አንብቡ። 12 ቮልት፣ 1 አምፔር ካለ ስፒከሩ ዘንድ የሚደርሰው ቢበዛ 12 ዋት ነው፤ በተከታታይ የሚያሰማችሁ ከዚያ ያነሰ ነው። ያ መጥፎ አይደለም። ለአንድ መኝታ ቤት አምስት እውነተኛ ዋት ጎረቤት ያስነሳል።

በሦስተኛው ቀን ዕቃዬን ይዤ ተመለስኩ። ልጁ አሁንም ትሁት ነው። «ጋሼ፣ 7.1 እኮ ስሙ ነው» አለኝ። ከዚያ ደረሰኝ ጠየቀኝ። ስገዛ «በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ ይጨመራል» ብሎኝ፣ ይቅርብኝ ያልኩት እኔው ነኝ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። እኔ ግን ከእሱ መግዛቴን የሚያሳይ ቁራጭ ወረቀት አልነበረኝም። ያንን 15 በመቶ ክፈሉ።

ከስንት ውርደት በኋላ ኮምፒውተር የሚጠግን ጎረቤቴን ጠራሁ። መጀመሪያ ያደረገው የጆሮ ማዳመጫውን ከፊት ነቅሎ ከኋላ አረንጓዴዋ ቀዳዳ ላይ መሰካት ነው። እዝዝታው ከግማሽ በላይ ጠፋ። የፊቷ ቀዳዳ በኬዙ ውስጥ በረጅም ሽቦ ነው የምትገናኘው፤ ሽቦው በየመንገዱ የኮምፒውተሩን ጫጫታ ይለቅማል። ወጪ፣ ዜሮ ብር።

ከዚያ ዞር ብሎ ሳሎን ጥግ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠውን ቴፕ አየ። «ይሄ ይሠራል?» ካሴቱ አይሠራም። ሬዲዮው ግን ይሠራል። እንግዲያው ማጉያውም ስፒከሩም ጤነኛ ነው ማለት ነው። ከኋላው «ኦክስ» የሚል ቀይና ነጭ ቀዳዳ አለው። ባንድ ጫፉ የጆሮ ማዳመጫ ጃክ፣ በሌላው ቀይና ነጭ ያለው ገመድ 250 ብር ገዛን። («ፎኖ» የሚል ካያችሁ እሱ የሸክላ ማጫወቻ መግቢያ ነው፤ እዚያ አትሰኩ።) ስንከፍተው መጀመሪያ «እምምም» አለ። ኮምፒውተሯና ቴፑ በተለያየ ሶኬት ስለተሰኩ ነው አለ ጎረቤቴ። ሁለቱንም አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰካቸው፤ ጠፋ። ከዚያ የመጣውን ቤዝ አልነግራችሁም። ባለቤቴ ዳንቴሏ የት እንደገባ እስካሁን ትጠይቃለች።

አንድ ሌላ ነገር። ኬዝ ውስጥ የሚገባውን፣ ሳውንድ ብላስተር የሚባለውን ያገለገለ ሳውንድ ካርድ በርካሽ እንሸጥላችሁ የሚሉም አሉ። ስሙ የተከበረ ነው፣ ግን ከመክፈላችሁ በፊት ኬዛችሁን ከፍታችሁ እዩ። የድሮዎቹ ካርዶች የሚገቡበት ፒሲአይ የሚባለው ማስገቢያ አብዛኞቹ አዲስ ማዘርቦርዶች (ኬዙ ውስጥ ሁሉም የሚሰካበት ሰሌዳ) ላይ የለም። ኬዙ ቀጭን ከሆነ ደግሞ የካርዱ ብረት ይረዝምና አይገባም። በ1998 እ.ኤ.አ. ለወጣው ሳውንድ ብላስተር ላይቭ ሠሪው ኩባንያ የዊንዶውስ 10 ድራይቨር፣ ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባውን ሶፍትዌር፣ አልሠራም። በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነው ሊኑክስ ላይ ግን ይሠራል፤ ሊኑክስ የምትጠቀሙ ከሆናችሁ ምክሬም አያስፈልጋችሁም።

ያቺን ሳውንድ ካርድ ልጄ ለማይክ ትጠቀምባታለች። ስፒከሩ ሳጥኑ ውስጥ ተመልሷል። ባለፈው ሳምንት በዚያ ሱቅ በር ሳልፍ መስታወቱ ውስጥ ያቺኑ የመሰለች ዕቃ አየሁ። አሁን «9.1» ሆናለች። ጎንበስ ብዬ ቆጠርኩ። ሁለት ቀዳዳ።