በስልክ ሬቲና ለማንሳት፦ ሌንሱ ወይስ ተለጣፊዋ?

ክሊኒክ የሚሠሩ ጓደኞቼ ሁሉ ጥያቄያቸው አንድ ነው። በስልክ የዓይን ውስጥ ፎቶ፣ ማለትም ከዓይን ኋላ ያለውን ብርሃን ተቀባይ ንጣፍ (ሬቲና) ለማንሳት የቱን ልግዛ? ለእያንዳንዱ በድምፅ መልእክት መመለስ ሰልችቶኛል፤ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

አንደኛዋ ስልኩ ካሜራ ላይ የምትለጠፍ ትንሽዬ መሣሪያ ናት። ሌላው «ትዌንቲ ዲ» የምንለው አጉሊ ሌንስ ነው፤ በአንድ እጅ ሌንሱን ከታካሚው ዓይን ፊት፣ በሌላው ስልኩን ይዛችሁ ፍላሹ እንደበራ ቪዲዮ ትቀርጻላችሁ፣ ከዚያ ጥሩዋን ምስል ቆርጣችሁ ታወጣላችሁ። እኔ የሌንሱ ወገን ነኝ፣ አልደብቅም።

መጀመሪያ የተታለልኩት በተለጣፊዋ ነው። እውነት ለመናገር ለጀማሪ ቀላል ናት። ግን ብሌኑን በጠብታ ከፍታችሁ እንኳ 20 ዲግሪ ገደማ ነው የምታሳየው፤ ሌንሱ በአንዴ 46 ዲግሪ ያሳያል። በተለጣፊዋ ማየት የስኳር ሕመምተኛን ሬቲና በቁልፍ ቀዳዳ አጮልቆ እንደማየት ነው። የባሰው ደግሞ የኔዋ የተሠራችው ለአንድ የስልክ ሞዴል ብቻ ነበር። ስልኬ ከባጃጅ ስወርድ ወድቆ ስክሪኑ ደቀቀ፣ ጠጋኙ የጠራልኝ ዋጋ የሌላ ስልክ ዋጋ ሆነ፣ ሌላ ስልክ ገዛሁ፣ ተለጣፊዋ አልገጥም አለች። አለቀ።

ሌንሱም ጣጣ አለው። ኦርጅናሉ ከ200 ዶላር በላይ ነው፤ ወደ ብር ስትመነዝሩት ያስደነግጣል። እኔም ደንግጬ ኮፒውን በ6,500 ብር ገዛሁ። ነጸብራቅ የሚቀንስ ቅብ የለውም፤ ፍላሹን ሳበራ መብራቱ ተመልሶ ምስሉ መሀል ቁጭ ይላል፣ የዓይን ነርቩን ትታችሁ አምፖል ታያላችሁ። ስትገዙ ሌንሱን መብራት ስር አዘንብሉት። ነጸብራቁ ደብዘዝ ብሎ ቀለም ካለው ደህና ነው፤ ነጭ ሆኖ ካንጸባረቀ ለሻጩ መልሱለት። በመጨረሻ ሦስት ሆነን ዕቁብ ጥለን ኦርጅናሉን ገዛን። በነጠላ ጫፍ እንዳትወለውሉት ብቻ፣ ይጫጫራል።

ለስልኩ ብዙ አታውጡ። ፍላሹ ከካሜራው ጎን የተጠጋ ይሁን እንጂ ያላችሁ ይበቃል። ባለሦስት ካሜራው ዙም ስታደርጉት ራሱ ካሜራ ይቀይርና ምስሉ ይዘላል። ፍላሹ ከበረታ የቁስል ፕላስተር ለጥፉበት። ምስሉ ተገልብጦ ስለሚታይ የመጀመሪያው ሳምንት እጃችሁ አልታዘዝ ይላል፤ ይለመዳል።

ጀልባ ተሳፍረን ዘጌ ስንወጣ ሌንሱ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ስሊት ላምፕ የሚባለውን ትልቁን የዓይን መመርመሪያ ማይክሮስኮፕ ማን ይሸከማል? መስኮቱን በጋቢ ጋርዶ ክፍሉን ማጨለም ብቻ ነው። ለትራኮማ ግን ሁለቱም አያስፈልጉም፤ የላይኛውን የዓይን ቆብ ገልብጦ በባዶ ስልክ ማንሳት ይቻላል።

ተለጣፊዋ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለች። ስልኩ የሚገጥማት ሰው ካለ በግማሽ ዋጋ፣ ቡና ጨምሬ።