ወንድሜን አሜሪካ ኮሌጅ ለማስገባት የሄድንበት ቢሮ፣ ከ5 ኮከብ 3

ሰላም የድሬ ልጆች፣ ከዚራ ስላለው የስፖርት ስኮላርሺፕ ቢሮ በኢንቦክስ የምትጠይቁኝ ስለበዛችሁ እዚሁ ልጻፈው፣ ስሙን ግን አልጠራም። ወንድሜ የ5 ሺ ሯጭ ነው፣ ሙቀቱ ሳይነሳ ንጋት 11 ሰዓት ተነስቶ የደንገጎን ዳገት የሚሮጥ ልጅ ነው፣ አባቴ የከፈለው ደግሞ ቤት ሊያድስበት ያስቀመጠውን ብር ስለሆነ ለኛ ትልቅ ነገር ነበር።

በወረቀት ስራ ጎበዞች ናቸው። ወረቀት የምትሰራው ልጅ ከሱ ጋ ቁጭ ብላ ኤንሲኤኤ (የአሜሪካን የኮሌጅ ስፖርት የሚመራው ማህበር) የሚፈልጋቸውን 16 ኮርሶች ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትራንስክሪፕቱ ላይ በእስክሪብቶ እያሰመረች ቆጠረችለት፣ ማህበሩ ኮሌጆቹን ዲቪዥን 1፣ 2 እና 3 ብሎ ይከፍላቸዋል፣ በነዚሁ ኮርሶች ለዲቪዥን 1 ጂፒኤ 2.3 ለዲቪዥን 2 ደግሞ 2.2 እንደሚያስፈልግ ያወቅነውም ከሷ ነው፣ አላህ ይስጣት።

ችግሩ ምርጫው ጋ ስንደርስ መጣ። ለሌሎቹ የቢሮው ሰዎች ዲቪዥን ማለት ልክ እንደ ፕሪሚየር ሊግና ከፍተኛ ሊግ ነው፣ 1 ካልገባህ ወርደሃል ነው የሚሉት፣ እዛ ግን መውጣት መውረድ የሚባል ነገር የለም አቦ፣ ኮሌጁ ራሱ ነው የት መሆን እንዳለበት የሚወስነው። ሶስት ኮሌጅ መለሰለት። የዲቪዥን 1ዱ ቡድኑ ውስጥ ቦታ አለህ ግን የመጀመሪያ ዓመት ገንዘብ የለም አለ፣ የቢሮው ሰዎች እሱን ፈርም ፈርም እያሉ አጣደፉት፣ ከ2025 ጀምሮ ደግሞ አዲሱን የፍርድ ቤት ስምምነት (ኮሌጆች ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ የሚፈቅደውን) የተቀበሉ የዲቪዥን 1 ኮሌጆች በአገር አቋራጭ ከ17 ሰው በላይ መያዝ አይችሉም፣ ያለ ገንዘብ የገባ ልጅ መጀመሪያ እንደሚቀነስ ማንም አልነገረንም። የዲቪዥን 3ቱን ደግሞ ሙሉ የስፖርት ስኮላርሺፕ ነው አሉን፣ ዲቪዥን 3 በስፖርት አንድ ዶላር አይሰጥም እኮ! ደብዳቤው ላይ ያለው በውጤቱ የተሰጠው የትምህርት እርዳታ ነበር፣ እሱም ቢሆን መጥፎ አይደለም፣ እግሩ ቢጎዳ ወይ መሮጥ ቢተው አይነካበትም፣ ግን ዶርሙንና ምግቡን ስንደምርበት የሚቀረው አቅማችን አልሆነም።

ማታ ሶስቱንም ፕሪንት አድርገን ምንጣፉ ላይ ዘረጋናቸው፣ እማዬ በስልኳ ካልኩሌተር ዶላሩን ወደ ብር እየመታች ከኛ የሚወጣውን ብቻ በቀይ ጻፈች፣ ትንሹ ቀይ ቁጥር የዲቪዥን 2ቱ ሆነ፣ ግማሹን ከስፖርት፣ ትንሽ ደግሞ ከትምህርት ውጤቱ አዳብለው ሰጥተውታል፣ ዲቪዥን 2 አብዛኛውን ጊዜ እንደዚህ ነው የሚሰራው አሰልጣኙ ያለችውን በጀት ለልጆቹ ያከፋፍላታል። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ የዲቪዥን 2ቱ አሰልጣኝ በዋትስአፕ ደወለ፣ እኔ ጎኑ ሆኜ ብጎዳስ ብለህ ጠይቀው አልኩት፣ በተፈረመበት ዓመት ውስጥ በጉዳት ምክንያት እንደማይቀነስ፣ ለቀጣዩ ዓመት ግን በየዓመቱ እንደሚታደስ ሳይደብቅ ነገረው፣ ቢሮው ይሄን አንድም ቀን አንስቶልን አያውቅም። ወንድሜ የዲቪዥን 2ቱን መረጠ፣ እኔም በጣም ደስ ብሎኛል፣ ዝም ብለው ዲቪዥን 1 እያሉ ልጅን ማስጨነቅ ግን በጣም ነው ያናደደኝ።

አሁን የቀረው የኤምባሲ ቪዛ ነው። ለወረቀት ከሆነ ወደ ቢሮው ሂዱ፣ ከሰዓት ስለሚዘጉ ጠዋት ሂዱና ልጅቷን ጠይቁ፣ የቢሮውን ሁለተኛ ክፍያ ግን የኮሌጁን ደብዳቤ ራሳችሁ ሳታነቡ እንዳትከፍሉ።