1000000007 ወይስ 998244353?

የኮዲንግ ውድድር የሚሰራ ሰው ሁለቱንም ሳያያቸው አይቀርም፣ መልሱ በጣም ትልቅ ሲሆን ለነዚህ አካፍላችሁ ቀሪውን ስጡ ይባላል። ሁለቱም ፕራይም ናቸው (ከ1 እና ከራሳቸው ውጪ ለሌላ ቁጥር ያለ ቀሪ አይካፈሉም)፣ ሁለቱም ከ2^30 ያንሳሉ፣ ስለዚህ ሁለት ቀሪ ስትደምሩ 32 ቢት (ኮምፒውተሩ ለአንድ ቁጥር የሚመድበው ቦታ) ውስጥ ይገባል፣ ስታባዙ ግን ወደ 64 ቢት መቀየር የግድ ነው፣ እዚች ጋ ተጠንቀቁ።

ፕራይም ስለሆኑ ማካፈልም ይቻላል። ለምሳሌ በ1000000007 ግማሽ ማለት 500000004 ነው፣ በ2 አባዙት፣ 1000000008 ይመጣል፣ ቀሪው 1፣ በቃ።

ልዩነታቸው የሚታየው 1 ስትቀንሱ ነው። የመጀመሪያው 2 × 500000003 ይሆናል፣ 500000003 ደግሞ ራሱ ፕራይም ስለሆነ ከዛ ወዲያ አይከፈልም። 998244353 ላይ ግን 1 ቀንሳችሁ ለ2 ማካፈል ብትጀምሩ 23 ጊዜ ያለ ቀሪ ይሄድላችሁና መጨረሻ ላይ 119 ይቀራል። ይሄ ነገር በጣም ነው የሚያስደስተኝ፣ ምክንያቱም ረጃጅም ፖሊኖሚያሎችን (እንደ 3x² + 2x + 1 ያሉትን) በፎሪየር ዘዴ ቶሎ ለማባዛት የሚያስፈልገው ልክ ይሄ ነው፣ ዘዴው ርዝመቱን ደጋግሞ ለ2 እየከፈለ ነው የሚሰራው፣ 3ን በራሱ እያባዛችሁ በምታገኟቸው ቁጥሮች እስከ 2^23 ማለትም 8388608 ርዝመት ድረስ ያስኬዳችኋል፣ ዴሲማል የለ፣ ማጠጋጋት የለ፣ መልሱ ልክ ልኩን ነው የሚወጣው።

ለተራ ቆጠራ 1000000007 ይበቃል፣ ለማስታወስም ቀላል ነው፣ አንድ ቢሊየን ከሰባት። ፖሊኖሚያል ካለበት ግን እኔ ሁሌም 998244353ን ነው የምመርጠው።