ከ220 ወደ 110 የሚያወርደው ትራንስፎርመር፦ ከዋቱ በፊት ሄርዙን እዩ

ደሴና ኮምቦልቻ ለሽያጭ የሚቀርቡት ትራንስፎርመሮች መልካቸው ተመሳሳይ ነው፤ ቆርቆሮ ሳጥን፣ መያዣ፣ ከፊት ሶኬት። መለያው ከኋላ የተለጠፈችው ጽሑፍ ናት። «50/60 ሄርዝ» የሚለውን ግዙ፤ ሄርዝ ማለት መብራቱ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ የሚናገር ቁጥር ነው። «60 ሄርዝ» ብቻ የሚለውን ግን በነፃ ቢሰጧችሁም የእኛ መስመር ላይ አትሰኩት። የሳዑዲ መብራት 60 ሄርዝ ስለሆነ ከዚያ በሻንጣ የመጣ ዕቃ ላይ በተለይ ተጠንቀቁ።

የእኛ መብራት 50 ሄርዝ ነው። የትራንስፎርመሩ ብረት ውስጥ የሚፈጠረው ማግኔት ቮልቱ ሲጨምር ይጨምራል፤ ሄርዙ ሲቀንስም እንዲሁ። ስለዚህ ሄርዙ በቀነሰ ልክ ቮልቱም መቀነስ አለበት። ለ220 ቮልትና ለ60 ሄርዝ የተሠራ ዕቃ በ50 ሄርዝ የሚችለው 183 ቮልት ገደማ ብቻ ነው። 220 ሲገባበት ብረቱ ይጠግባል፣ ማለትም ተጨማሪ ማግኔት መያዝ ያቅተዋል፤ የሚስበው ከረንት ያሻቅባል፣ ድምፁ ይጎላል፣ ሽቦው ግሎ ቫርኒሹ መሽተት ይጀምራል።

«ዋቱን እጥፍ አድርገህ ውሰድ» የሚለው የሻጮች ምክር ለሽቦው ይጠቅማል፤ ለዚህ ችግር ግን መፍትሔ አይሆንም። ብረቱን የሚያጠግበው ቮልቱ እንጂ ሎዱ (የሚሰካበት ዕቃ) አይደለም። ምንም ሳይሰካበትም ይግላል።

ስለዚህ ሳትከፍሉ በፊት ያለ ሎድ አሰክታችሁ በክላምፕ ሜትር (ሽቦውን ከውጭ አቅፎ ከረንት በሚለካው መሣሪያ) አስለኩት። ባለ 1000 ዋቱ በሙሉ ሎድ ከ220 መስመር የሚስበው 4.5 አምፔር ያህል ነው። ያለ ሎድ ከግማሽ አምፔር በታች ይሁን፤ ከአንድ ካለፈ አትውሰዱት። ገና ሲሰካ ለቅጽበት ብሬከር ቢጥል ግን ጤነኛውም ያደርገዋል። በሴሪ አምፖል፣ ማለትም መብራቱ መጀመሪያ በአምፖል ውስጥ አልፎ ወደ ትራንስፎርመሩ እንዲገባ አድርጎ መፈተን ሾርትን ያሳያል፤ አምፖሉ ራሱ ቮልቱን ስለሚቀንስ ጥጋቡን ግን ይደብቀዋል። ይህን ብዙ ቴክኒሻኖች ይስቱታል።

«50/60» የሚለውም ቢሆን ቮልት ያወርዳል እንጂ ሄርዝ አይቀይርም። ብሌንደርና መሰርሰሪያ ካርቦን ያለው ሞተር ስላላቸው ግድ የላቸውም። ለ120 ቮልትና ለ60 ሄርዝ የተሠራ የፍሪጅ ሞተር ግን እዚህ የሚስማማው 100 ቮልት ነው፤ ለእሱ የ100 ቮልት መውጫ ያለውን ፈልጉ።

ጀነሬተር ላይ ስትጠቀሙ ነዳጅ ለመቆጠብ ፍጥነቱን አታውርዱ። በደቂቃ 3000 ዙር 50 ሄርዝ የሚሰጠው ወደ 2700 ሲወርድ 45 ሄርዝ ይሆናል፤ ያኔ ለ220 ቮልትና ለ50 ሄርዝ የተሠራው ትራንስፎርመር ከ198 ቮልት በላይ ሊገባበት አይገባም። ደሴ ላይ ደግሞ ብርዱ ቢያግዝም በ2,500 ሜትር ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀት በደንብ አይወስድም፤ ቁምሳጥን ውስጥ አትዝጉበት።