የመጋዘን ኃላፊ ለምትፈልጉ፦ ከአዘዞ አንድ ሰው እንጠቁማችሁ

ጎንደርና አካባቢዋ ላይ የእርዳታ እህል የምታንቀሳቅሱ ድርጅቶች የመጋዘን ኃላፊ ከፈለጋችሁ ይህን አንብቡ። አዘዞ ያለው መጋዘናችን ፕሮጀክቱ ስላለቀ ሊዘጋ ነው፤ ሲመሩት የቆዩት እህታችንም ሥራ ይፈልጋሉ። ስማቸው አደባባይ ላይ እንዲለጠፍ ስላልፈቀዱ በውስጥ መስመር ለጠየቀን እንሰጣለን።

ከሁሉ በፊት የምናመሰግናቸው ለመፈረም ስለማይቸኩሉ ነው። ከጅቡቲ የመጣ መኪና ሲደርስ እሽጉ አለመነካቱን ያያሉ፣ ቁጥሩን ከዌይቢሉ (ከጭነቱ ማስረከቢያ ሰነድ) ጋር ያመሳክራሉ። ሸራው ሲነሳ የላይኛውንና የጎኑን ጆንያ በእጃቸው ይዳስሳሉ፤ ክረምት ላይ ውኃ የሚገባው በዚያ በኩል ነዋ። የረጠበውና የተቀደደው ለብቻው ወጥቶ ይመዘናል። ጉድለቱ ሾፌሩ ሳይሄድ ዌይቢሉ ላይ ይጻፍና ሁለቱም ይፈርሙበታል። ብዙ መጋዘን ዕዳ ውስጥ የሚገባው እዚህች ጋ ነው፦ መሽቷል፣ ሾፌሩ ይጨቀጭቃል፣ «ነገ እናስተካክለዋለን» ይባልና ሙሉ እንደተረከቡ ይፈረማል። መኪናው ከግቢ ከወጣ በኋላ ጉድለቱ የአጓጓዡ መሆኑ ቀርቶ የመጋዘኑ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2023 ዩኤስኤአይዲና የዓለም የምግብ ፕሮግራም እህሉ ከታለመለት ውጭ እየዋለ ነው ብለው በመላ አገሪቱ እርዳታውን ለወራት ማቋረጣቸውን የምታስታውሱ፣ እንዲህ ያለ ግትር ሰው ምን ያህል እንደሚፈለግ አይጠፋችሁም።

ክምራቸው ደግሞ ለዓይን ደስ ይላል። ፓሌት (ከወለል የሚያነሳ ርብራብ) ላይ ነው፣ ከግድግዳው አንድ ሜትር ይርቃል፣ በክምርና በክምር መካከልም አንድ ሜትር መተላለፊያ አለ። ጆንያው እንደ ጡብ እየተቆላለፈ ይደረደራል። አንዱ ደርብ 12 ጆንያ ቢይዝና 20 ደርብ ቢሆን 240 ጆንያ፣ በባለ 50 ኪሎው 120 ኩንታል ማለት ነው። ቆጠራው ደቂቃም አይፈጅ፣ ከመሀል የተመዘዘ ካለም ወዲያው ያስታውቃል። ግድግዳ ተደግፎ የተከመረ እህል ግን ከጀርባው ምን እንዳለ የሚያውቀው አይጥ ብቻ ነው። ዘይትን ከእህል ይለያሉ፤ ካርቶኑን ከልክ በላይ ካነባበሩት የታችኛው ይጨፈለቃል፣ ማፍሰሱ የሚታየውም ዘግይቶ ነው።

ነቀዝ ላይ ቀልድ አያውቁም። ነቀዝ የሚገድል ጋዝ የሚያወጣውን የፎስፊን ክኒን (ባለ 3 ግራሙ 1 ግራም ጋዝ ያወጣል) የሚያስቀምጡት የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው፤ የእሳቸው ሥራ ክምሩ የተሸፈነበት ሸራ አለመቀደዱን፣ ጠርዙ ዙሪያውን በአሸዋ ከረጢት መጨቆኑንና በሩ መቆለፉን ማረጋገጥ ነው። «በ3 ቀን ክፈቱልን» የሚላቸውን አይሰሙም። የጎንደር ሌሊት ሲበርድ ጋዙ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው፤ ቀድሞ ከተከፈተ ትልቁ ነቀዝ ይሞትና እንቁላሉ ይተርፋል፣ ከሳምንታት በኋላ እንደገና ይፈላል። ከ7 ቀን በታች አይከፍቱም፣ ብርድ ከበረታም ወደ 10 ያስጠጉታል። ሸራው ተነስቶ በደንብ ሳይናፈስ ማንንም አያስገቡም።

የክንዳቸው ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲሜትር በታች ለሆነ፣ በጣም ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጠውን ፕላምፒ ነት (ከለውዝ የሚሠራ አልሚ ምግብ) ሲያወጡ የሚያዩት የገባበትን ሳይሆን የሚያልፍበትን ቀን ነው። አንዱ ከረጢት 92 ግራም፣ ካርቶኑ 150 ፍሬ ነው፤ አንድ ልጅ እስኪያገግም የሚያስፈልገው በግምት አንድ ካርቶን ስለሆነ የጠፋ ካርቶን የአንድ ልጅ ሕክምና ነው። ወደ መተማ የሚወርደውን በማለዳ ያስጭናሉ፤ ቆላ ፀሐይ ላይ ከዋለ ዘይቱ ይለያል።

እደላ ላይ ያመጡትን ዘዴ ግን እባካችሁ ውሰዱት። ራሽኑ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ክክና 0.45 ኪሎ ዘይት ሲሆን፣ አምስት ሰው ያለበት ቤተሰብ 75 ኪሎ፣ ማለትም አንድ ጆንያ ተኩል ይደርሰዋል። ግማሹን በጣሳ መስፈር ለጠብም ለብክነትም በር ይከፍታል። እሳቸው ሁለት እንዲህ ያሉ ቤተሰቦችን ያጣምራሉ፦ 10 ሰው፣ ሦስት ያልተፈታ ጆንያ። ሦስተኛውን ጆንያ በሚዛን፣ ፊት ለፊት፣ ግማሽ ግማሽ ይካፈሉታል።

ኮምፒውተር ላይ ቀርፋፋ ናቸው፤ ኤክሴል የሚሞላ ወጣት መድቡላቸው። ቢን ካርዱን (የክምሩ ገቢና ወጪ የሚመዘገብበትን ካርድ) ግን ለማንም አይሰጡም። «እትዬ» እያሉ የሚታዘዟቸውን አውራጆችም ከቻላችሁ አብራችሁ ውሰዱ። ጆንያ በመንጠቆ አይወጉም፣ ከመኪና ላይም አይወረውሩም፤ ስለዚህ ከወለል የሚጠረገው እህል በጣም ትንሽ ነው።