መጋዝና መሮ ከጃፓን፦ የቱን ልግዛ?

«የጃፓን መጋዝ መግዛት ፈልጌ ነበር፤ የቱ ይሻላል?» ይህን ጥያቄ በስልክም በቴሌግራምም ስመልስ ከርሜያለሁ። መልሴ ሁሌም አንድ ነው። ምላጩ የሚቀየረውን ሪዮባ፣ ማለትም በሁለቱም ጎን ጥርስ ያለውን መጋዝ ግዙ። በእጅ የተቀጠቀጠውን ለጊዜው ተዉት። የተረፋችሁን ገንዘብ አንድ ጥሩ መሮና አንድ መሳያ ድንጋይ ላይ አውሉት። ምክንያቱን ግን በስልክ ዘርዝሬ ጨርሼ አላውቅም። በቅርቡ ደግሞ አንድ ወዳጄ ሳይጠይቅ ገዝቶ ገንዘቡን ውሃ በላው። ስለዚህ ነገሩን ከነዋጋው ልጻፈው ብያለሁ።

የጃፓን መጋዝ ሲሳብ እንደሚቆርጥ፣ እኛ የለመድነው ሲገፋ እንደሚቆርጥ ሁሉም ሰምቷል። ግዢውን የሚወስነው ከዚያ የሚከተለው ነው። የሚሳብ ምላጭ ይወጠራል፤ ስለዚህ በጣም ቀጭን ሊሆን ይችላል። የሪዮባ ምላጭ ግማሽ ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ለመጋጠሚያ ሥራ የሚሆነው ዶዙኪ እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ቀጭን በመሆኑ ሰጋቱራው ትንሽ ነው፣ ክንድ አይደክምም፣ ቁርጡም ጥርት ይላል። ነገር ግን በለመደው ጉልበት ወደ ፊት የገፋው ሰው ምላጩን ያጥፈዋል። ጀማሪ ሁሉ ይህን ያደርጋል። ታዲያ የሚታጠፈው የ27 ዶላር ምላጭ ቢሆን ይሻላል ወይስ የ300 ዶላር መጋዝ?

ምላጩ የሚቀየረው መጋዝ ርካሽ ስለሆነ የሚናቅ ዕቃ አይደለም። ጃፓን ውስጥ ያሉ አናጢዎችም በብዛት የሚሠሩት በእሱ ነው። ጥርሶቹ በፋብሪካ ለቅጽበት ብቻ በኃይለኛ ሙቀት ይመቱና እንዲጠነክሩ ይደረጋሉ። የጥርሱ ጫፍ ላይ የሚታየው ጠቆር ያለ ሰማያዊ ቀለም የዚያ ምልክት ነው። እንዲህ የጠነከረ ጥርስ ስለቱ ብዙ ይቆያል። ጉዳቱ ሞረድ አይነካውም፤ ሲደነዝዝ ተስሎ አይመለስም። ምላጩን ነቅሎ አዲስ መክተት ነው።

ወደ ዋጋው እንሂድ። ግዮኩቾ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሚሠራው 240 ሚሊ ሜትር ሪዮባ አሜሪካ ውስጥ ከ40 እስከ 50 ዶላር ይሸጣል። መለዋወጫ ምላጩ ከ25 እስከ 30 ዶላር ነው። በእጅ የተቀጠቀጠ፣ የሠሪው ስም ያለበት ሪዮባ ግን ከ200 ዶላር ይጀምርና እስከ 500 እና ከዚያም በላይ ይሄዳል። 300 ዶላር ያለው ሰው አለ እንበል። በ45 ዶላር መጋዙን ከነምላጩ ቢገዛ 255 ይተርፈዋል። በዚያ ላይ በ27 ዶላር ሒሳብ ዘጠኝ መለዋወጫ ምላጭ ይገዛል። ቅዳሜና እሁድ ብቻ ለሚሠራ ሰው አንድ ምላጭ ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያል። ዘጠኙን እስኪጨርስ ልጆቹ አድገው ይወጣሉ።

የተቀጠቀጠው መጋዝ ዋጋ ደግሞ ሲገዛ አያልቅም። ሲደነዝዝ የሚስለው ባለሙያ ያስፈልገዋል። እንጨቱን በወርዱ የሚቆርጠው ጥርስ እያንዳንዱ በሦስት ገጽ የተሳለ ነው፤ በአንድ መጋዝ ላይ ከመቶ በላይ ጥርስ አለ። ሞረዱም ልዩ ነው፦ ስስ፣ ጠርዙ እንደ ቢላ የሾለ። ይህን ሥራ በደንብ የሚሠሩ ሰዎች ጃፓን ውስጥም እያነሱ ነው። ከጃፓን ውጭ ያለ ሰው መጋዙን በፖስታ ልኮ፣ ወረፋ ጠብቆ፣ የማስሳያውንና የመላኪያውን በሁለት በኩል ከፍሎ ነው የሚመልሰው። የአንድ ጊዜው ወጪ ብቻ አዲስ ሪዮባ ይገዛል። እኔ የተቀጠቀጠ መጋዝ ይዤ ሠርቻለሁ፤ ድምፁም ሚዛኑም ልብ ይነካል። መሳል ራሱ ደስታው የሆነ ሰው፣ ወይም ወፍራም ግንድ የሚሰነጥቅ ሰው ይግዛው። ለጠረጴዛና ለመደርደሪያ ግን አልመክርም።

አሮጌ የተቀጠቀጠ መጋዝ በጨረታ በ30 ዶላር አግኝቻለሁ የሚሉኝም አሉ። ፎቶው ላይ ዝገቱ ብቻ ነው የሚታየው። ዝገቱ ሲጠረግ ብረቱ ተበልቶ ጎድጓዳ ሆኖ ይገኛል። ጥርሱ ሥር የፀጉር ያህል ስንጥቅ ይኖራል፤ ምላጩም የተጣመመ ሊሆን ይችላል። የሚያቃናውና የሚስለው ሰው ከመጋዙ ዋጋ ሦስትና አራት እጥፍ ይጠይቃል።

ሪዮባ፣ ካታባ (በአንድ ጎን ብቻ ጥርስ ያለው) ወይስ ዶዙኪ ለምትሉኝ፣ መጀመሪያ ሪዮባ። በአንድ በኩል እንጨቱን በቁመቱ ይሰነጥቃል፣ በሌላው ወርዱን ይቆርጣል። በአንድ ዋጋ ሁለት መጋዝ ማለት ነው። ጥልቅ ስትቆርጡ የላይኛው ጥርስ የእንጨቱን ፊት እንዳይቧጭር ብቻ ተጠንቀቁ። ዶዙኪ ጀርባው ላይ ብረት ስላለው ከዚያ በላይ አይገባም፤ መጋጠሚያ መሥራት ስትጀምሩ ግዙት።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። በ15 እና በ20 ዶላር «ጃፓን ስታይል» ተብለው የሚሸጡ መጋዞች አሉ። ፎቶው ከእውነተኛው ጋር አንድ ነው። የጥርሶቹ አከፋፈት በግራና በቀኝ እኩል ስላልሆነ መስመር ይዘው አይሄዱም፤ እንጨቱ ውስጥ እየገቡ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላሉ። ሰውየው እጄ ነው የተበላሸው ብሎ ራሱን ይወቅሳል። ከሁሉ የከፋው ግን መለዋወጫ ምላጭ የላቸውም። ምላጩ ሲደነዝዝ እጀታውም አብሮ ይጣላል። ስለዚህ መጋዙን ከማየታችሁ በፊት የመለዋወጫ ምላጩን ቁጥር ፈልጉ። ቁጥር ከሌለው፣ ወይም ምላጩ ለብቻው የማይሸጥ ከሆነ እለፉት። ካለ ሁለቱን አንድ ላይ እዘዙ።

የማስታወቂያውን አባባልም አስተውሉ። «የጃፓን ብረት» ማለት ጃፓን ተሠራ ማለት አይደለም። እውነተኛ ሻጭ የሠሪውን ስምና ከተማውን ይነግራችኋል። ለመጋዝ ህዮጎ ግዛት ውስጥ ያሉት ሚኪና ኦኖ ናቸው። ሲልኪ የተባለው መጋዝ የሚሠራው ኦኖ ነው፣ ዜት-ሶው የተባለው ደግሞ ሚኪ። ሚኪ እ.ኤ.አ. ከ1578 እስከ 1580 በቆየ ከበባ ወድማ ነበር። መልሰው ለመገንባት የመጡ አናጢዎችና ብረት ቀጥቃጮች የመሣሪያ ከተማ እንዳደረጓት ይነገራል። ለመሮና ለመላጊያ ደግሞ ኒጋታ ግዛት ያለችውን ሳንጆን ጨምሩ። «ጃፓን» ብቻ ብሎ ከተማም ሠሪም የማይጠራ ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ የሚደብቀው ነገር አለው።

ወዳጄ የተበላው በመሮ ነው። ስድስት መሮ በሚያምር የእንጨት ሣጥን፣ በ60 ዶላር። ፊታቸው ላይ እንደ ማዕበል የሚጥመለመል ንድፍ አለ። ድንጋይ ላይ ጥቂት ስናሸው ንድፉ ጠፋ፤ በአሲድ ላይ ላዩን የተሠራ ነበር። ስለቱ ጠንካራ እንጨት ቀርቶ ጥድ ላይ እንኳ ተቀለበሰ። እጀታው ላይ ያለው የብረት ቀለበት በሙጫ የተለጠፈ ነበር፤ በመዶሻ ሲመታ ወልቆ ወደቀ። ሻጩ «መመለሻ ጊዜው አልፏል» አለው።

እውነተኛውን ለመለየት ሁለት ቦታ ተመልከቱ። የጃፓን መሮ ከሁለት ብረት የተጣበቀ ነው፤ ከታች ስለት የሚሆነው በጣም ጠንካራ ብረት፣ ከላይ ለስላሳ። ሰያፍ የተሳለውን ፊት በብርሃን ስታዩት ጠንካራው ያበራል፣ ለስላሳው ደብዘዝ ይላል፣ መካከላቸው መስመር አለ። ሁለተኛው ጀርባው ነው። መሃሉ በጥንቃቄ ተፍቆ ጎድጎድ ያለ ነው፤ ድንጋዩን የሚነካው ዳር ዳሩ ብቻ ስለሆነ ቶሎ ይስተካከላል። የወዳጄ መሮዎች አንዱም መስመር አልነበራቸውም፣ ጀርባቸውም ድፍን ነበር።

ዋጋው እንዲህ ነው። ከታወቀ ሠሪ የመጣ አንድ መሮ ከ50 እስከ 90 ዶላር ያወጣል። ቼክ ሪፐብሊክ የሚሠራው ናሬክስ የተባለው መሮ ከ15 እስከ 25 ዶላር ነው። በግልጽ ልናገር፦ ከሐሰተኛው የጃፓን ይልቅ ናሬክስ በብዙ ይሻላል። አቅሙ ለ100 ዶላር ከሆነ ሦስት ናሬክስና አንድ ጥሩ 12 ሚሊ ሜትር የጃፓን መሮ ብሎ መጀመር ይቻላል። የአሥር ስብስብ አትግዙ፤ አብዛኛው ሰው የሚያነሳው ሦስቱን ወይም አራቱን ብቻ ነው፣ የቀረው ሣጥን ውስጥ ይዝጋል። ነጭ ወረቀት ወይስ ሰማያዊ ወረቀት በሚባለው የብረት ዓይነትም ብዙ አትጨነቁ። ስያሜው ሺማኔ ግዛት፣ ያሱጊ የሚሠራው ብረት ከሚለጠፍበት ወረቀት የመጣ ነው። ነጩ ቶሎ ይሳላል፤ ሰማያዊው ተንግስተንና ክሮም ስላለበት ስለቱ ትንሽ ይቆያል። ለልዩነቱ 30 ዶላር ከምትጨምሩ በዚያ ብር ኪንግ 1000 የሚባለውን መሳያ ድንጋይ ግዙ (ቁጥሩ የድንጋዩን ልስላሴ ይነግራል)። ያለ ድንጋይ የጃፓን መሮ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። በሞተር መሞረጃም አትሞክሩት፤ ሙቀቱ ብረቱን ያበላሸዋል፣ ስለቱም ከዚያ በኋላ አይይዝም።

ሻጮች የማይናገሩት አንድ ነገር አለ። መሮው ሲደርሳችሁ ቀለበቱ ብዙ ጊዜ ገና አልተገጠመም፤ እላዩ ላይ ተቀምጦ ብቻ ነው የሚመጣው። አውጡት፣ የውስጡን ሹል ጠርዝ በሞረድ አለስልሱት፣ የእጀታውን ጫፍ በመዶሻ ዙሪያውን ቀጥቅጡና ቀለበቱን ወደ ታች ምቱት። ከላይ የተረፈውን እንጨት በውሃ አርሳችሁ ቀለበቱ ላይ ጠፍጥፉት። ይህ ሳይደረግ የተመታ እጀታ ይሰነጠቃል። የጃፓን አየር እርጥብ ነው፤ እንደ ዴንቨር ባለ ደረቅ ከተማ እጀታው ይሟሽሽና የተገጠመው ቀለበት እንኳ ይላላል። ያን ጊዜ እንደገና ወደ ታች መምታት ነው። ሌላው ደግሞ፣ በእነዚህ መሮዎች እንጨት አትፈልቅቁ። ብረቱ ጠንካራ ስለሆነ አይታጠፍም፤ ጫፉ ይሸረፋል። የተሸረፈውን በድንጋይ ማስተካከል ከሰዓት በኋላውን ይበላል።

በቀጥታ ከጃፓን ልዘዝ ለምትሉ፣ የየኑ (የጃፓን ገንዘብ) ዋጋ ብቻ አያታልላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2024 ክረምት አንድ ዶላር 160 የን ሲገባ በእርግጥ ያዋጣ ነበር። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 29 ቀን 2025 ጀምሮ ግን አሜሪካ ከ800 ዶላር በታች ለሆነ ጥቅል የነበረውን ከቀረጥ ነጻ መብት አንስታለች። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ በትንሹም ጥቅል ላይ የተጨማሪ እሴት ታክስ ያስከፍላል። 70 ዶላር ያለው መሮ መላኪያው፣ ቀረጡና የአስተላላፊው ክፍያ ሲደመር በራችሁ ላይ ከ100 በላይ ሊደርስ ይችላል። አገር ውስጥ ያለ ሻጭ በ90 ከሸጠው፣ ቢበላሽ የሚመልስላችሁም እሱ ነው። ማወዳደር ያለባችሁ በር ላይ የሚደርሰውን ዋጋ ነው።

መላጊያውን አሁን አትግዙ። ደህናው ከ150 ዶላር በላይ ነው፤ የእንጨት አካሉ ከአየሩ ጋር ስለሚንቀሳቀስ በየወቅቱ መስተካከል ይፈልጋል። መሳል በደንብ ከለመዳችሁ በኋላ እንነጋገራለን።

አገር ቤት ላለ አናጢ አጎት ወይም ወንድም መላክ ለሚፈልግ ሰው ምክሬ ይለያል። እዚያ ያለ አናጢ መጋዙን የሚስለው ራሱ ነው፣ በሦስት ማዕዘን ሞረድ። የጠነከረ ጥርስ ያለውን የጃፓን መጋዝ ሊስለው አይችልም፤ መለዋወጫውንም ሰፈሩ ካለ ሱቅ አያገኝም። ጥርሱ ለለስላሳ እንጨት የተሠራ በመሆኑ ወይራ ላይ፣ ጉጥ ላይ ወይም ምስማር ባለበት አሮጌ ጣውላ ላይ ይሰበራል። ለእሱ ሁለት ጥሩ መሮና አንድ መሳያ ድንጋይ ቢላክለት ዕድሜ ልኩን ይሠራበታል። ሪዮባው ይሁን ካላችሁ ቢያንስ ሦስት መለዋወጫ ምላጭ ጨምሩበት፤ ለኮምፔንሳቶና ለጥድ ይሁነው። ስለቱን በካርቶን ጠቅልላችሁ በሚጫነው ሻንጣ አድርጉት፣ በእጅ ይዞ መግባት አይቻልም። የምላጩን ቁጥር ደግሞ እጀታው ላይ በማርከር ጻፉበት። ሲያልቅበት ቁጥሩን በስልክ ያነብላችኋል፣ ቀጣዩ መንገደኛ ይዞለት ይሄዳል።